ዝገትን የረታ እጅ፤ አሮጌዋ የቤት መኪና በጎንደር ደጋ መንገድ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ አዘዞ ይደርሳል። አዘዞ በታሪክ መጻሕፍት የምትታወሰው ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩባትና በመጨረሻም የተቀበሩባት ሥፍራ በመሆኗ ነው። መንገደኛው ግን ከፍርስራሹ አስቀድሞ የሚያስተውለው መገንጠያውን ነው። አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው በጭልጋ በኩል ወደ መተማ፣ ሦስተኛው ወደ ጎርጎራና ወደ ጣና ዳር ይወስዳል። የአውሮፕላን ማረፊያውም የሚገኘው እዚሁ ነው። መንገድ በሚገናኝበት ሥፍራ ሁሉ ጎማ ይፈነዳል፣ ራዲያተር ይፈላል፣ ባሌስትራ ይሰበራል፤ የተሰበረውንም የሚጠግን እጅ ይፈለጋል።

የጎንደር ታሪክ ሲወሳ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው የግንብ፣ የዘውድና የቅኔ ታሪክ ነው። ግንቡን ያቆመው ድንጋይ ጠራቢ፣ ለድንጋይ ጠራቢው መሣሪያ የሠራው ብረት ቀጥቃጭ በትርክቱ ውስጥ የሚጠቀሱት በጥቂቱ ነው። በዘመናችንም ይኸው አድልዎ በሌላ መልክ ይታያል። መኪና ማን እንዳስመጣ፣ ማን እንደነዳና ማን እንደተሳፈረባት ይነገራል፤ ዝጋ የወደቀችውን መኪና ቆርጦ፣ በይዶ፣ ሞተሯን ፈትቶ ወደ መንገድ የመለሳት ሰው ግን ስሙ አይነሣም። ሆኖም በኢትዮጵያ ደጋማ አገር ለተመላለሰችው አሮጌ የቤት መኪና ግማሹን ዕድሜ የሰጣት ፋብሪካው ሳይሆን ይህ ሰው ነው።

ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት

የመኪና ታሪክ በኢትዮጵያ ከእጅ ሙያ ታሪክ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። በጎንደርና በአካባቢው ብረት የሚያቀልጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ግንብ የሚያንጹ ከነበሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ቀዳሚውን ሥፍራ ይዘው ኖረዋል። ከከተማይቱ በስተሰሜን የምትገኘው ወለቃ ለዚህ ምስክር ናት። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላውን ከእነርሱ እጅ የተቀበለው ኅብረተሰብ ግን ሠሪውን «ቡዳ» እያለ ሲሸሸው ኖረ። ብረትን በእሳት የሚያለዝብ ሰው ይፈራ ነበር እንጂ አይከበርም ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ድንበር ለመጣስ ሞክረው ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገርና ያገር ተወላጅ ሙያተኞችን አሰባስበው መድፍ ያሠሩ፣ ሴባስቶፖልም በመንኮራኩር ተጎትታ መቅደላ እንድትደርስ ገደሉን እየናዱ መንገድ ያሠሩ ንጉሥ ናቸው። በደጋው አገር ከባድ ብረት በመንኮራኩር ላይ ተጭኖ ሲጓዝ ምን ዓይነት መንገድ፣ ምን ዓይነት ጉልበት፣ ምን ዓይነት ብልሃት እንደሚጠይቅ በግልጽ የታየው በዚያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተከሠቱ። አንደኛው፣ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሊ የተሰኘች አውቶሞቢል ይዞ ከጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ መድረሱ ነው። ሁለተኛው፣ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነው። ሁለቱን ነገሮች አንድ ዓመት ያገናኛቸው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በትርጉም ግን አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። መኪና ወደ አገር ስትገባ ብረት ሠሪ የሚናቅበት ኅብረተሰብ ከተቀበላት፣ በተሰበረች ማግሥት የቆመችበት ትቀራለችና።

ጦርነት ያመጣው ብረት

ጎንደር ሞተርን በብዛት ያየችው በሰላም ዘመን አልነበረም። መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በስታራቼ የሚመራው የጣሊያን ፈጣን ጦር ከአሥመራ አቅጣጫ በጭነት መኪና ተጭኖ ጎንደር ገባ። በወረራው ዓመታት ከአሥመራ በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር የሚመጣው ጠመዝማዛ መንገድ ተሠራ፤ በአዘዞም የአውሮፕላን ማረፊያና የጦር ሠፈር ተዘረጋ። መንገዱ የተጠረገው ለወራሪው ጦር ስንቅና ጥይት እንጂ ለገበሬው እህል አልነበረም። ይሁን እንጂ ጭነት መኪና ባለፈበት ሁሉ ጋራዥ አብሮት ስለሚሄድ፣ ከጋራዡም ጋር አዲስ የሥራ ዓይነት ወደ አካባቢው ገባ።

ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያኖች የመጨረሻ ምሽግ በሆነች ጊዜ ይህ የጥገና ሥራ እንግዳ መልክ ያዘ። የወራሪው ጦር ከውጭ ዕርዳታ በተቋረጠበት በከበባው ወራት የፊያት 634 የጭነት መኪና በዚያው በጎንደር ብረት ተለብጦለት ወደ ጦር መኪናነት ተለወጠ። ዕቃ ከውጭ የማይመጣ ከሆነ ያለውን ቆርጦ ለሌላ ግልጋሎት ማዋል እንደሚቻል አገሩ በዓይኑ አየ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናዚ እጁን ሲሰጥ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ፊት የጣሊያን ኃይል በጎንደር አበቃ። ወታደሩ ተማርኮ ሄደ፤ ብረቱና የብረቱ ቋንቋ ግን በአገሩ ቀሩ።

የዚያን ዘመን አሻራ ለማየት ወደ ቤተ መዘክር መሄድ አያስፈልግም፤ በማናቸውም ጋራዥ ደጃፍ ጥቂት ጊዜ ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ላሜራ፣ ስቱኮ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ኋላ ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከጃፓን የገቡት መኪኖች ሁሉ በዚሁ ቋንቋ ተጠገኑ። ሠራተኛው ቃሉን ከወራሪው ተቀበለ እንጂ በዚያው አልተወውም፤ በአማርኛ አረባው፣ በአማርኛ አበዛው፣ ሌላ ባለቤት እንዳለው እስኪረሳ ድረስ የራሱ አደረገው። የተማረከ መሣሪያ በማራኪው እጅ እንደሚያገለግል ሁሉ፣ የተማረከ ቃልም እንዲሁ አገልግሏል።

ሰይቼንቶና ቮልስ

ከነፃነት በኋላ በነበሩት ዓመታት፣ በተለይም ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ፣ መኪና ከመኳንንትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አልፋ ወደ መምህሩ፣ ወደ ነጋዴውና ወደ ሐኪሙ ቤት መድረስ ጀመረች። የቤት መኪና የተባለችውም ያን ጊዜ ነው። ከእነዚህ መኪኖች መካከል በሕዝቡ አንደበት የራሳቸውን ስም ያተረፉ ሁለቱ ሰይቼንቶና ቮልስ ናቸው።

ሰይቼንቶ፣ ማለትም ፊያት 600፣ ዳንቴ ጃኮዛ በተባለው መሐንዲስ ተነድፋ እ.ኤ.አ. በ1955 ከቱሪን የወጣች መኪና ናት። ርዝመቷ ከ3 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ክብደቷም ወደ 600 ኪሎ ግራም ነው። ከኋላ የተቀመጠው በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተሯ 633 ሲሲ ሆኖ 22 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣችው 600 ዲ ሞተሯ ወደ 767 ሲሲ አደገ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና ስትመላለስ የኖረችው ይህችው ትንሽ መኪና ናት።

ቮልስ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላት። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተሯ እንደ ሰይቼንቶ ከኋላ ቢሆንም የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ራዲያተር ስለሌላት ውኃ ጎደለ፣ ራዲያተር ፈላ የሚባል ነገር አታውቅም። ክብደቷ በኋላ ጎማዎቿ ላይ ስለሚያርፍ በጭቃና በዳገት መሬቱን ትቆነጥጣለች። በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጥታለች። በኢትዮጵያ የፖለቲካ ታሪክም ቦታ አላት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ ሳይሆን በቮልስ ነበር። በብዙ ውድ አውቶሞቢሎች ሲከበር የኖረ ዘውድ፣ መምህርና ጸሐፊ በሚነዳት መኪና የኋላ ወንበር ላይ አበቃ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የውጭ ምንዛሪ እያጠረ፣ መለዋወጫ እየጠፋ፣ አዲስ መኪና መግዛት ለብዙው ሰው የማይታሰብ እየሆነ ሄደ። በሌላ አገር 10 ዓመት አገልግላ ወደ ብረት ማቅለጫ የምትላክ መኪና እዚህ 30ና 40 ዓመት መሥራት ግድ ሆነባት። ይህ ሁኔታ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። ኩባ ከአሜሪካ ጋር የነበራት ንግድ ከተቋረጠ በኋላ፣ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩ የአሜሪካ መኪኖችን የሶቪየት ሞተር እየገጠመች በሃቫና ጎዳናዎች ላይ ለአሥርተ ዓመታት አኑራቸዋለች። እጦት በሁለቱም አገሮች አንድ ዓይነት ሙያተኛ ፈጠረ፤ መጽሐፍ የማይጠይቅ፣ ዕቃ የለም ተብሎ የማይመለስ ሙያተኛ።

ለሜዳ ተሠርታ ደጋ የወጣች

ለመሆኑ አንድን አሮጌ መኪና ፋብሪካው እንደሠራት አድርጎ መመለስ ብቻ ለምን አይበቃም? መልሱ ያለው በጎንደር አየር ውስጥ ነው። ቱሪን ከባሕር ወለል በላይ 240 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዘዞ ደግሞ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አቃጥሎ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይሳሳል። በቱሪን 22 ፈረስ የነበራት ሰይቼንቶ አዘዞ ስትደርስ 17 ያህል ይቀርላታል። አራት ሰውና ሻንጣ ጭና ወደ ደባርቅ ስትወጣ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ጉዳቱ በጉልበት ማነስ ብቻ አያበቃም። ለቆላና ለሜዳ ተመጥኖ የተሠራው ካርቡራቶር በደጋ ከአየሩ የበለጠ ነዳጅ ስለሚያፈስ፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሳልባትዮውም ቶሎ ይደርቃል። ልምድ ያለው መካኒክ የነዳጁን ማሳለፊያ ቀዳዳ በጠበበ ይለውጠዋል፤ እሳት የሚሰጥበትንም ጊዜ በጥቂቱ ያስቀድመዋል። ውኃም በከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል፤ በአዘዞ በ93 ዲግሪ፣ በደባርቅ በ90 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ስለዚህ ግፊት የማይዝ ያረጀ የራዲያተር ክዳን በሜዳ አገር ቀላል እንከን ቢሆንም፣ በዳገት ላይ በቴስታታና በሞተሩ መካከል ያለውን ጓርኒሲዮን የሚያቃጥል አደጋ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ የከፋ ነው። በሊማሊሞ የሚወርድ ነጂ በተከታታይ ጠመዝማዞች ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የድሮዎቹ መኪኖች ፍሬን በተዘጋ ከበሮ ውስጥ የሚሠራ በመሆኑ፣ ነጂው እግሩን ሳያነሣ ከወረደ ከበሮው ይግላል፤ የፍሬኑ ዘይት እርጥበት ጠጥቶ ከሆነ ይፈላል፤ ፔዳሉም ባዶ ሆኖ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በዳገት በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የሚለው የነጂዎች ሕግ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ መንገድ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው፤ በደጋው አገር መኪናን ማሻሻል የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን፣ ለሌላ አገር የተሠራችን መኪና ከዚህ አገር መሬትና አየር ጋር የማስታረቅ ሥራ ነው።

ዝገት የሚጀምርበት

ዝገት ብረት፣ ውኃና አየር ሲገናኙ የሚወለድ ነው። በጎንደር ደጋ የባሕር ጨው የለም፤ በጋውም ደረቅ ነው። ክረምቱ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃውን በመከላከያው ሥር፣ በበሩ ግርጌና በወለሉ ሣጥኖች ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ጭቃው ሳይታጠብ ከቀረ እርጥበቱን እንደ ስፖንጅ ይዞ ይቆያል፤ ላሜራው ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት በታየ ጊዜ ውስጡ አስቀድሞ ተቦርቡሯል።

ሁለቱ መኪኖች በዝገት የሚጠቁበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። ሰይቼንቶ የተለየ ሻንሲ የላትም፤ አካሏ ራሱ ሸክሙን ይሸከማል። በመሆኑም በበሮቿ ሥር ያለው ሣጥን ከዛገ መልኳ ብቻ ሳይሆን ጥንካሬዋ ይፈርሳል። እንዲህ ያለችውን መኪና ብልህ ሙያተኛ ከመቁረጡ በፊት ከሥር ደግፎ በሮቿ በትክክል መግጠማቸውን ያረጋግጣል፤ ሳይደግፍ የቆረጠ ሰው ተበይዳ ስታልቅ በሯ የማይዘጋ መኪና ይረከባል። የቮልስ አካል ግን በጠፍጣፋ ወለል ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ አራቱ መከላከያዎቿም እያንዳንዳቸው በብሎን ይወልቃሉ። የእርሷ ደካማ ጎን ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ባትሪው እዚያ ስለሚቀመጥ የሚያንጠባጥበው አሲድ ወለሉን በስቶ መሬቱን ያሳያል።

ሥራው የሚካሄድበትም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ወንበሩ፣ መስተዋቱና ምንጣፉ ይወጣል። ከዚያም ቀለሙና ያረጀው ስቱኮ ተፍቆ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ድረስ የዛገው ይቆረጣል። ዝገት ላይ ስቱኮ መለጠፍ ቁስል ሳያጥቡ መሸፈን ነው፤ ለገበያ ያምራል፣ አንድ ክረምት ግን አይሻገርም። ፋብሪካ የሠራው ምትክ አካል በማይገኝበት አገር የዘይት በርሜል የላሜራ ማዕድን ሆኖ አገልግሏል። በርሜሉ ይተረተራል፣ በእሳት ዘይቱ ይጠራል፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የመከላከያውን ጉብታ፣ የበሩን ጠርዝ ይመስላል። ሙቀቱ ስሱን ላሜራ እንዳያጣምመው ብየዳው በአንድ ጊዜ ሳይሳብ፣ እዚህም እዚያም በነጥብ እየተያዘ ቀስ በቀስ ይገጣጠማል። በመጨረሻ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ቀጥሎ ስስ ስቱኮ፣ ቀጥሎ በውኃ ብርጭቆ ወረቀት መሞረድ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዋናው ቀለም ይመጣል። መዶሻውን የያዘው እጅ መስመሩ የተስተካከለ መሆኑን የሚያውቀው በመለኪያ ሳይሆን በመዳፍ በመዳሰስ ነው። ቀራፂ ከድንጋዩ ጋር እንደሚነጋገር ሁሉ የላሜራ ሠራተኛም ከብረቱ ጋር የሚነጋገረው በእጁ ነው።

ፍሬን ከሞተር ይቅደም

አካሏ ከዳነ በኋላ የውስጧ ጉዳይ ይከተላል። ያረጀ የሰይቼንቶ ሞተር ሲሊንደሩ ተሞርዶ ሰፋ ያለ ፒስተን ይገባበታል፤ ለዚህም ቶርኖና ልምድ ያለው ሠራተኛ ያስፈልጋል። ከዚያ የተሻለ ጉልበት የፈለገ ሙሉውን የ600 ዲ ሞተር በቀድሞው ሥፍራ ይገጥማል። የቮልስ ሲሊንደሮች ግን አራቱም ለየብቻ የሚወልቁ ስለሆኑ፣ ቶርኖ ቤት በሌለበት ከተማ እንኳ አውጥቶ በአዲስ መተካት ይቻላል። ይህች መኪና ከዋና ከተማ በራቁ ሥፍራዎች ሁሉ የተወደደችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በቮልስ ላይ የሚደረገው የተለመደ ማሻሻያ የ6 ቮልት ኤሌክትሪኩን ወደ 12 ቮልት መለወጥ ነው። በ6 ቮልት የሚበራው መብራት በጨለማ ገደል ዳር ከሻማ ብዙ አይሻልም፤ የጠዋቱ ብርድም ሞተሩን እንዳይነሣ ያደርገዋል። ሆኖም ለውጡ አምፖልና ባትሪ በመቀየር አያልቅም። የ12 ቮልቱ ሞተር የሚዞረው ትልቅ ጥርሳም መንኮራኩር በአሮጌው የካምቢዮ ቤት ውስጥ ስለማይገባ፣ ቤቱ በጥንቃቄ መሞረድ አለበት። የ1200 ሲሲውን ሞተር አውጥቶ 1600 የሚገጥምም አለ፤ 34 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 50 ይደርሳል።

የሙያ ሕሊና የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጉልበት የተጨመረላት መኪና በዳገት ታስደስታለች፤ የቀድሞ ፍሬኗን ይዛ ቁልቁለት ስትወርድ ግን ቤተሰብ ይዛ ትጠፋለች። ስለዚህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ ከዚያ በኋላ ሞተር ነው። ባለንብረቱ የሚያየው ቀለሙን፣ የሚሰማው የሞተሩን ድምፅ ነው፤ የተለወጠውን የፍሬን ቱቦ ማንም አያይለትም። የማይታየውን ሥራ አስቀድሞ የሚሠራ መካኒክ የቤተሰቡን ሕይወት በእጁ እንደያዘ ያወቀ ሰው ነው።

ከግንቡ የሚገኝ ትምህርት

አሮጌ ነገር ሲታደስ ምን ይጠበቅ፣ ምን ይለወጥ የሚለው ጥያቄ ለጎንደር አዲስ አይደለም። በወረራው ዘመን በፋሲል ግቢ በተካሄደው ጥገና ግንቦቹ ከጠባያቸው ጋር የማይስማማ ሲሚንቶ ተጨምሮባቸው ነበር፤ በኋላ የተካሄዱት እድሳቶች ወደ ጥንቱ ኖራ መመለስ ግድ ሆኖባቸዋል። ጠንካራ የተባለው ባዕድ ነገር ለአሮጌው ድንጋይ ጠላት ሆኖ ተገኘ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ዓለም ስለ ሐውልቶች እድሳት የተስማማበት የቬኒስ ሰነድ ከወጣ 15 ዓመት ሆኖት ነበር።

ያንን የቬኒስ ሰነድ አርአያ በማድረግ የጥንት ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2012 የቱሪን ሰነድ የተሰኘውን መመሪያ አጸደቀ። ሰይቼንቶ የተወለደችባት ከተማ ስለ አሮጌ መኪኖች አጠባበቅ ሕግ ወጣባት ማለት ነው። ሰነዱ መኪና በመንገድ ላይ ስትሠራ እንጂ ቆማ ስትታይ ብቻ ሙሉ ትርጉም እንደሌላት፣ ለደኅንነት ሲባል የሚደረግ ለውጥም የቀድሞውን አሠራር ሳያጠፋ በቁጥብነት መደረግ እንዳለበት ያስተምራል። ከሁሉም በላይ፣ በአገልግሎት ዘመኗ በመኪናዋ ላይ የተደረጉ ለውጦች ራሳቸው የታሪኳ ክፍል መሆናቸውን ይቀበላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለኢትዮጵያ ልዩ ክብደት አለው። ከበርሜል የተቀጠቀጠው መከላከያ፣ ለደጋ አየር የጠበበው የካርቡራቶር ቀዳዳ፣ ከሌላ መኪና ተወስዶ በብልሃት የተገጠመው ክፍል በአውሮፓ ሰብሳቢ ዓይን ጉድለት ይመስል ይሆናል። በኢትዮጵያ ታሪክ ፊት ግን ሰነድ ነው፤ ዕቃ በሌለበት ዘመን ሕዝቡ እንዴት እንደኖረ በብረት ላይ የተጻፈ ሰነድ። መኪናዋን ከፋብሪካ እንደወጣች አስመስሎ ለመመለስ ሲባል ይህ ሁሉ ተፍቆ ቢጣል፣ የቱሪኑ ሠራተኛ ሥራ ይቀራል፤ የጎንደሩ ሠራተኛ ሥራ ይጠፋል። ስለዚህ ጥሩ እድሳት ጤነኛውን ጥፍ ያቆያል፤ አደገኛውን ብቻ ይለውጣል፤ የለወጠውንም ይመዘግባል።

በስተመጨረሻ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመንግሥት ተወሰነ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መንገዱን መያዝ ጀመሩ። ይህ የዘመን ለውጥ ነው፤ የጭሱ ዘመን ማለፉም የሚያስቆጭ አይደለም። ነገር ግን ዘመን ሲለወጥ ዕውቀቱ ወደ ማን እንደሚተላለፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። የላሜራውና የሞተሩ ሙያ ከአባት ጌታ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ተለማማጅ በዓይንና በእጅ ሲተላለፍ የኖረ እንጂ በመጽሐፍ የሰፈረ አይደለም። የወለቃ ቤተ እስራኤላውያን በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከእነርሱ ጋር ምን ያህል የብረትና የሸክላ ዕውቀት ተጭኖ እንደሄደ ጎንደር ታውቀዋለች። ሁለተኛው እንዳይደገም መጠንቀቅ የሚቻለው ሙያተኛው በሕይወት እያለ ነው።

መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ግንቡ ለጉብኝት ሲወስድ በመመለሻው በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቢያቆማቸው፣ የአየር ግፊትን፣ የዝገትን ኬሚስትሪና የቋንቋን ጉዞ በአንድ ሥፍራ ያስተምራቸዋል። ሠዓሊውና ቀራፂው መዳፉን በላሜራ ላይ የሚያሳልፈውን ሠራተኛ ቢመለከቱ የራሳቸውን ወንድም ያገኛሉ። የባህል ሠራተኛውም የአሮጌዎቹን መካኒኮች ቃል በጽሑፍና በድምፅ ቢያኖር፣ 1900 ዓ.ም. ላይ በአዋጅ የተጀመረውን የሥራ ክብር በተግባር ይፈጽመዋል። በአዘዞ መገንጠያ ኮፋኖዋን ከፍታ የቆመች አሮጌ መኪና ስትታይ፣ ለአላፊው የቆመች መኪና ብቻ ናት። ጎንበስ ብሎ ከውስጧ የሚሠራውን ሰው ላስተዋለ ግን ጎንደር ግንብ ካነፀችበት ዘመን ጀምሮ ያልተቋረጠ የእጅ ታሪክ ናት።